እናቴ ከጎረቤት ጋር ምን ትጫወት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ካዛንቺስ ነው። አሁን እኔ ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ናት። ግቢው ውስጥ እኩዮቿ ሞልተዋል፤ ቡና ሲጠራሩ ግን ወሬው ከኑሮ ውድነት አያልፍም። አረጋውያንን ሥዕል እያሳዩ ማጫወት ይቻላል ሲባል ሰማሁ። እኔ ደግሞ ስለ ሥዕል ምንም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አለማወቅሽ እንዲያውም ይጠቅምሻል። የሚያውቅ ሰው ማስተማር ይጀምርና እነ እትዬ አንገታቸውን እየነቀነቁ ዝም ይላሉ። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2006 የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ፕሮግራም ሲጀምር፣ ሥዕሉ ፊት ቁጭ አድርጎ ማጫወት እንጂ ገለጻ ማብዛት አልነበረም ሥራው። የዚያው ሙዚየም የትምህርት ኃላፊ የነበሩት ፊሊፕ የናዋይን ከአቢጌል ሃውሰን ጋር ያወጡት ዘዴም ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተው ነው እንደዚያ ያሉት? ሌላስ ምን ይታያል? በቃ። «ያስታውሳሉ?» ብለሽ ግን እንዳትጠይቂ፣ ፈተና ይሆንባቸዋል።

ከባህላዊዎቹ የዓድዋ ሥዕሎች አንዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ በትልቁ፣ በከለር አሳትሚ፤ ስልክ ላይ ለዓይናቸው ያስቸግራል። በነዚህ ሥዕሎች ልማድ የኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን። ጣልያኖቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ ጠላት የሚሳለው እንደዚያ ነበር። አደራ፣ ቀድመሽ አትንገሪያቸው! አንዳቸው እስኪያዩት ጠብቂ። ከዚያ በኋላ ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል፤ የአያቱን ጋሻ የሚያነሳም አይጠፋም። ከላይ በነጭ ፈረስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስለሚኖር ግን፣ ጎረቤቶችሽ ሃይማኖታቸው የተለያየ ከሆነ መጀመሪያ የገበያ ቀን የሚያሳይ ሥዕል ይሻላል።

ደግሞስ ሥዕል ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የእናትሽን ሞሶብ አምጪው። ስፌቱን ማን አስተማረዎት፣ ስንደዶው ከየት ይመጣ ነበር፣ አክርማው በምን ተነከረ፣ ይሄ ሐረግ ስም አለው? እኔን ከጠየቅሽኝ ከሥዕሉም ይልቅ ይሄ ያዋጣል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ አዋቂዎቹ እነሱ ናቸው።

አራተኛ ፎቅ ድረስ ማንንም አታስወጪ። ኮሙናሉ ወይም ምድር ቤት ያለ ጎረቤት ጋ ይሁን፣ ስድስት ሰባት ሰው ይበቃል፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ሥዕሉን ቶና ላይ አውጪው፤ በአቦል የሰፈሩ ወሬ ይለቅ። እናትሽ ምግብ ወይም እንቅልፍ ካስጠላቸው ግን ጨዋታውን አትጠብቂ፣ ሐኪም ያያቸው።

ሁሉን ተናግረው የሚጨርሱ አንድ ጋሼ መቼም አይጠፉም። «ጋሼ፣ እስቲ እትዬ ደግሞ ምን አዩ?» በያቸው፣ አይቀየሙም።