የሞርሞኖችን የስደት መንገድ ከልጆቻችሁ ጋር ተጓዙት

ሐምሌ ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አሜሪካ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችንን ወዴት እንውሰዳቸው እያልን እንጨነቃለን። እኔ ለወዳጆቼ አንድ መንገድ እመክራለሁ። ሞርሞን የሚባሉት፣ በሙሉ ስማቸው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አማኞች፣ ከኒውዮርክ ተነስተው ዩታ እስኪደርሱ የተሰደዱበትን መንገድ በመኪና ተከተሉት።

ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይደነግጣል። «እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ እዚያ ምን አለን?» ይለኛል። ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ሃይማኖት ልትቀይሩ አትሄዱም። እኛም የተሰደድን ሕዝብ ነን፤ ልጆቻችን ግን አባታቸው በመተማ በኩል በእግሩ ወጥቶ ገዳሪፍ እንደገባ፣ እናታቸው ካርቱም ውስጥ ሰው ቤት እየሠራች ወደ አሜሪካ የሚያሻግራትን ወረቀት ለዓመታት እንደጠበቀች አያውቁም፤ ምክንያቱም አልነገርናቸውም። ሞርሞኖቹ ግን የአያቶቻቸውን መንገድ እየተከተሉ ምልክት ተክለዋል፤ ቤቱን ጠግነው፣ እስር ቤቱን ሳይቀር ጠብቀው ለልጅ ልጆቻቸው ይተርካሉ። ልጆቻችሁ ይህን ይዩ፤ እናንተም መኪናው ውስጥ የራሳችሁን ንገሯቸው። የምክሬ ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መንገዱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትነሱ። ልጅ ይሰለቻል፤ ሹፌርም ያንቀላፋል። ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ወደ ፓልማይራ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከዚያ ወደ ከርትላንድ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድታችሁ በሌላ መንገድ ትመለሳላችሁ። ኮሎምበስ ያላችሁ ከርትላንድን በአንድ ቀን አይታችሁ ቤታችሁ ታድራላችሁ። ቺካጎ፣ ሚኒያፖሊስና ካንሳስ ሲቲ ያላችሁ ኢሊኖይ ውስጥ ያለችውን ናቩን ያዙ። ለዴንቨር ሰው ዋዮሚንግ፣ ለላስ ቬጋስ ሰው ዩታ ይቀርበዋል።

ፓልማይራ ኒውዮርክ ውስጥ፣ ከሮቸስተር ብዙም ሳይርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ በ1820 በልጅነቱ ጸልዬ ራእይ አየሁ ያለበት ጫካ እዚያ ነው። ልጆችን የሚስበው ግን የግራንዲን ማተሚያ ቤት ነው። ቅዱስ መጽሐፋቸው መጽሐፈ ሞርሞን በ1830 በ5,000 ቅጂ የታተመው እዚህ ሲሆን፣ ለኅትመቱ 3,000 ዶላር መያዣ እንዲሆን ማርቲን ሃሪስ የተባለ ገበሬ እርሻውን አስይዟል። ፊደል በእጅ እየተለቀመ እንዴት ይታተም እንደነበር ያሳያሉ። ስልክ ላይ ያደገ ልጅ እዚያ ቆሞ ሲያይ ጥያቄው አያልቅም።

ከርትላንድ ኦሃዮ ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ በስተምሥራቅ ናት። በ1836 የተመረቀው ቤተ መቅደሳቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የኮሚዩኒቲ ኦፍ ክራይስት ንብረት ነበር። ይህ ከጆሴፍ ስሚዝ ሞት በኋላ በተፈጠረው መከፋፈል የወጣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። በማርች 2024 ቤተ መቅደሱ፣ ናቩ ውስጥ ያሉ ታሪካዊ ቤቶችና ጥንታዊ ሰነዶች በ192.5 ሚሊዮን ዶላር ለዩታው ቤተ ክርስቲያን ተሸጡ። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተጻፈ የጉዞ መረጃ አትመሩ፤ የመግቢያ ክፍያውም አስጎብኚውም ተለውጧል፤ አሁን መግቢያው ነፃ ነው። ሌሎች የሞርሞን ቤተ መቅደሶች ከተመረቁ በኋላ ከአባላት በቀር ማንንም አያስገቡም፤ ይህኛው ግን ለጎብኚ ሁሉ ክፍት ነው።

እዚያው ከርትላንድ የኒውል ዊትኒን ሱቅ ሳታዩ እንዳትወጡ። ቡና፣ ሻይ፣ ትንባሆና አልኮል የተከለከሉበት ትእዛዝ በ1833 የተሰጠው እዚያ ነው ይላሉ። ፎቁ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ወንዶቹ ተሰብስበው ሲማሩ በትንባሆ ጭስ ትታፈን እንደነበር አስጎብኚዎቹ ይተርካሉ። ቡና የቤቷ ምሰሶ የሆነ እናት ይህን ሰምታ ብዙ እንደምታስብ አውቃለሁ። ለልጆቹ ግን ጥሩ ትምህርት ነው፤ የእኛ ጾም የሚጠይቀንን ሁሉ ጓደኞቻቸው እንደማይረዱት፣ ሌላውም ሕዝብ ለእምነቱ ብሎ የተወው ነገር አለ።

ሚዙሪ ላይ ታሪኩ ይከብዳል። በኦክቶበር 1838 ገዥው ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች እንዲጠፉ ወይም ከግዛቱ እንዲባረሩ ትእዛዝ ሰጠ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሆንስ ሚል በሚባል መንደር 17 ሰው ተገደለ። ያ ትእዛዝ በይፋ የተሻረው በ1976 ነው። ከካንሳስ ሲቲ አጠገብ ያለውን የሊበርቲ እስር ቤት ግንቡ ተቆርጦ ውስጡ እንዲታይ አድርገው ሠርተውታል፤ ጆሴፍ ስሚዝና ጓደኞቹ የዚያን ዓመት ክረምት ያሳለፉበት ጉድጓድ መሰል ክፍል ነው።

የእኔን ልብ የሚነካው ግን ብዙ ጎብኚ ሳያያት የሚያልፋት ኩዊንሲ ናት። ከሚዙሪ የተባረሩት ሰዎች ሚሲሲፒ ወንዝን ተሻግረው በ1839 ክረምት በብርድ ሲደርሱ፣ ይህች የኢሊኖይ ከተማ ከራሷ ነዋሪ ቁጥር የሚበልጥ ስደተኛ ተቀብላ አስጠለለች፤ አበላች፤ ሥራ ሰጠች። የኩዊንሲ ሰዎች የስደተኞቹን እምነት አልተቀበሉም፤ ሰው መሆናቸውን ግን ተቀበሉ። ከናቩ አንድ ሰዓት ብቻ ትርቃለች። ወንዙ ዳር መኪናችሁን አቁሙና፣ ሱዳን ውስጥ አንድ ገበሬ ውኃ ሰጥቶኝ ነበር የምትሉ ካላችሁ፣ ጎረቤት ያስጠጋችሁ ከሆነ፣ ለልጆቻችሁ እዚያ ንገሯቸው። ስደተኛ ተቀባይ አገር ሁሉ ክፉ ወይም ደግ እንዳልሆነ፣ የሚለየው ሰው መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

ናቩ ሁለት ሙሉ ቀን ይገባታል። ረግረጉን አድርቀው የሠሯት ከተማ ናት፤ በ1840ዎቹ ከቺካጎ ጋር የምትወዳደር ነበረች። አንጥረኛው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጡብ መሥሪያው ሁሉ እንደ ድሮው ይሠራል፤ ልጆች በበሬ በሚጎተት ጋሪ ይሳፈራሉ፤ ይህ ሁሉ በነፃ ነው። ቤተ መቅደሱ በ1848 በእሳት ጋይቶ፣ የቀረውን ግንብ በ1850 አውሎ ነፋስ ጥሎት፣ በ2002 እንደገና ተሠርቶ ተመርቋል፤ እናንተ ከውጭ ነው የምታዩት። ማታ ማታ የፓርሊን ጎዳና ይዛችሁ እስከ ወንዙ ውረዱ። በፌብሩዋሪ 1846 ቤታቸውን ጥለው ምዕራቡን ተስፋ አድርገው የወጡት በዚያ ጎዳና ነው፤ ጽሑፎቹ መንገዱ ዳር ተተክለዋል፤ ልጆች ተራ በተራ ያንብቧቸው።

ናቩ ውስጥ ማንሽን ሐውስ የሚባለው የጆሴፍ ስሚዝ ቤት ፊት ስትቆሙ የጄን ማኒንግን ታሪክ ንገሩ። አስጎብኚው ካላነሳው እናንተ ጠይቁ። ጄን ከኮኔቲከት የመጣች ነፃ ጥቁር ሴት ነበረች። በ1843 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ናቩ ስትመጣ ቡፋሎ ላይ በመርከብ እንዳይሳፈሩ ተከለከሉ፤ 800 ማይል ያህል በእግራቸው ተጓዙ፤ ጫማቸው አልቆ እግራቸው ደማ። ደርሳ በዚያ ቤት ተቀጥራ ኖረች፤ በኋላም ዩታ ገባች። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ከ1852 ጀምሮ ጥቁር ወንዶችን ከክህነት፣ ጥቁር ሴቶችንና ወንዶችን ከቤተ መቅደስ ዋና ሥርዓቶች ከልክሎ ስለነበር፣ ደጋግማ ብትለምንም በሕይወቷ ሳይፈቀድላት በ1908 አረፈች። ክልከላው የተነሳው በጁን 1978 ነው። ልጆቻችሁ ጥቁር ልጆች ናቸው፤ ይህን ከጓደኛ አፍ ወይም ከስልክ ከሚሰሙት፣ ከናንተ አፍ በቦታው ይስሙት። ጥያቄውን በትሕትና ካቀረባችሁት የሚቆጣችሁ የለም፤ አብዛኞቹ አስጎብኚዎች በግልጽ ይመልሳሉ። የዩታ ዋና ከተማ ሶልት ሌክ ሲቲ ስትደርሱ ደግሞ ዲስ ኢዝ ዘ ፕሌስ በሚባለው ፓርክ ውስጥ በ2022 የቆመውን የጥቁር አቅኚዎች ሐውልት ፈልጉ፤ ጄን አለች፤ ባሪያ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ጋሪዎች እየነዳ ወደ ሸለቆው የገባው ግሪን ፍሌክም አለ።

ከናቩ ግማሽ ሰዓት የሚርቀው የካርቴጅ እስር ቤት ጆሴፍና ወንድሙ ሃይረም በጁን 27 ቀን 1844 ፊታቸውን በቀባ የታጠቀ ሕዝብ የተገደሉበት ነው። በሩ ላይ ጥይቱ የበሳው ቀዳዳ እስከ ዛሬ ይታያል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ አንድ ወላጅ ውጭ ይቆይ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ኦማሃ ላይ በ1846ና 1847 ክረምት የሞቱት የተቀበሩበት መካነ መቃብር አለ፤ ነብራስካን ግን አቋርጣችሁ እለፉ። ማርቲንስ ኮቭ ዋዮሚንግ ውስጥ ነው። በ1856 ለበሬና ለጋሪ ገንዘብ ያልነበራቸው ድሆች፣ አብዛኞቹ ከእንግሊዝና ከስካንዲኔቪያ የመጡ፣ ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ እየጎተቱ ሲጓዙ ሁለቱ ቡድኖች ዘግይተው ተነስተው በረዶ ያዛቸው፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ። ለጎብኚ የእጅ ጋሪ ይሰጣሉ፤ ልጆቻችሁ ይጎትቱት። ከካስፐር ወይም ከሮሊንስ ቤንዚን ሞልታችሁ ውጡ፤ ውኃ በብዛት ያዙ፤ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ።

ጉዟችሁ ነሐሴ ላይ ከዋለ ፍልሰታ መሆኑን አትርሱ። በዚያ ረጅም ጎዳና ላይ የጾም ምግብ ከተጠበሰ ድንች አያልፍም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በበረዶ ሣጥን ውስጥ እንጀራና ምስር ወጥ ጫኑ። ቡናችሁንም በፔርሙስ ያዙ፤ ጎብኚ ቡና ጠጣ ብሎ የሚወቅሳችሁ የለም፤ በጉብኝት ቦታዎቹ ውስጥ ግን አትክፈቱት።

አስጎብኚዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሚስዮናውያን ናቸው፤ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ሌሎቹ ወጣት ሴቶች። ጉርሻ አይቀበሉም። በጉብኝቱ መጨረሻ ምን እንደተሰማችሁ፣ አንዳንዴም ስማችሁንና ስልካችሁን ይጠይቃሉ። ይህ ተንኮል የለበትም፤ አገልግሎታቸው ነው። በይሉኝታ ስልክ ሰጥቶ በኋላ ጥሪ ከመሸሽ «እናመሰግናለን፣ እኛ የራሳችን እምነት አለን» ማለት ይሻላል፤ በደስታ ይሸኟችኋል። ለጎረምሳ ልጆቻችሁም ይህን ከቤት ሳትወጡ አስረዷቸው። ሽማግሌ አስጎብኚ ስታገኙ ደግሞ ከኢትዮጵያ እንደሆናችሁ ንገሩና በ1985 ጾመው እንደነበር ጠይቁ። በእኛ አቆጣጠር የ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ የአሜሪካና የካናዳ አባላት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለተራቡት ሰጥተዋል፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው ካገኛችሁ ልጆቻችሁ ያመስግኑት።

የተበደለ ሕዝብ ሌላውን መበደሉም ከታሪኩ አይቀነስም። ከላስ ቬጋስ የምትመጡ፣ ከሴንት ጆርጅ በስተሰሜን ያለውን ማውንቴን ሜዶውስ እዩ፤ በሴፕቴምበር 1857 የሞርሞን ታጣቂዎች 120 ያህል መንገደኞችን የፈጁበት ቦታ ነው፤ ሐውልት ቆሞለታል።

ሶልት ሌክ ሲቲ በጁላይ 24 በዓሏ ነው፤ ሰልፉ ደስ ይላል፤ ሆቴል ግን ቀድማችሁ ያዙ። አርባ ዓመት ፈጅቶ በ1893 ያለቀው ቤተ መቅደስ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ እድሳት ላይ ነው፤ ከእድሳቱ በኋላ፣ እንደገና ከመመረቁ በፊት፣ በ2027 ለሕዝብ እንደሚከፈት ቤተ ክርስቲያኑ አስታውቋል፤ ውስጡን ማየት የሚፈልግ ጉዞውን ለዚያ ጊዜ ያድርገው።

እዚያው አጠገብ ያለው የፋሚሊሰርች ቤተ መጻሕፍት የትውልድ ሐረግ መፈለጊያ ነው፤ ነፃ ነው፤ ልጆች ይወዱታል። ከመሄዳችሁ በፊት አገር ቤት ደውላችሁ ከአያት፣ ከአጎት ሰባት ቤት ቁጠሩና በወረቀት ያዙ። አንድ ነገር ግን ዕወቁ፤ እነዚህ ሰዎች ለሞቱ ዘመዶቻቸው ጥምቀት ይፈጽማሉ፤ በኮምፒውተራቸው የቤተሰብ ዛፍ ላይ የምትመዘግቡት የሟች ስምም ለማንም ይታያል። ይህ ለእምነታችሁ ወይም ለወላጆቻችሁ የሚከብድ ከሆነ የሟቾቻችሁን ስም እዚያ አታስገቡ፤ ልጆቹ በደብተራቸው ይጻፉት፤ ከስሙም ጎን እያንዳንዱ የተወለደበትን ቀበሌና የሄደበትን አገር ይጨምሩ።