የሞተር መሪ ከፍ ስለማድረግና ገመድ ስለማስተካከል ያላችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ሞተረኞች። ሰሞኑን እጄ ደነዘዘ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ መሪዬን በራይዘር (ከመሪው ስር ገብቶ ከፍ በሚያደርገው ቁራጭ) ላንሳው ወይ እያላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። 12 ዓመት ሞተር ላይ ነኝ፣ ግማሹን በጠጠር መንገድ፣ የራሴንም የጓደኞቼንም መሪ ብዙ ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ቦክሰር 150 ነው ያለኝ፣ በቀን 60 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይደነዝዛሉ። ስንት ሴንቲ ላንሳው?

ወንድሜ መጀመሪያ ምንም እንዳትገዛ፣ ብር የማያስወጣውን ጨርስ። መሪውን የያዙትን አራት ቡሎኖች ላላ አድርግና መሪውን ወደ ራስህ ትንሽ አዙረው፣ ሰው ራይዘር ፍለጋ ከተማ ሲዞር የሚውልበት ነገር ብዙ ጊዜ እዚሁ ያልቃል። ከዛ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን አንግል እይ፣ እንደምትነዳው ቁጭ ብለህ ጣቶችህን እጀታው ላይ አሳርፍ፣ ከክርንህ እስከ ጣቶችህ ቀጥ ካለ ጥሩ ነው፣ አንጓህ ላይ ከተሰበረ ግን እጀታውን ዝቅ ወይ ከፍ አድርገህ እሰረው። አንተ የጠቀስካቸው ሁለቱ ጣቶች ሲደነዝዙ አብዛኛውን ጊዜ የመዳፍህ የውጪኛው ጠርዝ ክብደትህን ተሸክሟል ማለት ነው፣ እዛጋ የሚያልፍ ነርቭ አለ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ቢሆኑ ኖሮ የአንጓህን መታጠፍ ነበር የምጠረጥረው። ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልለቀቀህ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ በቂ ነው። ከዛ በላይ ስትሄድ ገመዱም ሽቦውም ችግር ይጀምራል።

ጥያቄ፦ 3 ሴንቲ ባነሳው የድሮው ገመድ ይደርሳል?

ሳትገጥመው እወቀው። መሪውን ፍታና ከስሩ የራይዘሩን ቁመት የሚያህል እንጨት አድርግ፣ አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝልህና ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙረው። የፍሪሲዮኑ፣ የነዳጁና የፊት ፍሬኑ ገመድ እጀታው ጋ የሚገባበትን ቦታ አፍጥጠህ እይ፣ የተወጠረ ወይም እንደ ክርን የታጠፈ ካለ አልደረሰም። የመብራትና የክላክስ ሽቦውንም እንዳትረሳ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ ግን ከመሪው ጋር ስለማይነሳ እሱን ተወው። አንዳንዴ ገመዱን ከማሰሪያው ፈትቶ በሌላ በኩል ማሳለፍ ብቻ የጎደለውን ሴንቲ ይሰጥሃል።

ካልደረሰ ረዘም ያለ ግዛ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ጋ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አድርገህ ለካ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሽፋኑ 5 ሴንቲ ቢረዝም ችግር የለውም፣ ከሽፋኑ ተርፎ የሚወጣው የውስጡ ሽቦ ግን ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ካልሆነ እጀታውን እስከ መጨረሻው ብትጨብጠውም ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም።

ጥያቄ፦ ራይዘር ከገጠምኩ በኋላ ነዳጅ ሳልሰጥ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ድምፁ ይጨምራል፣ ኖርማል ነው?

አይደለም! ዛሬ እንዳትነዳት እባክህ። መሪው ሲዞር የነዳጁን ገመድ እየሳበው ነው፣ ያንተ እጅ ሳይሆን መሪው ነዳጅ እየሰጠ ነው ማለት ነው። እኔ ላይ ደርሷል፣ አንድ ጋራዥ ገጥመውልኝ ሳልፈትሽ ወጣሁ፣ ጠባብ ጠጠር መንገድ ላይ ልመለስ መሪውን ሙሉ ሳዞረው ሞተሯ ጮኸችና ተስፈንጥራ ቦይ ውስጥ ከተተችኝ፣ ጉልበቴ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። አሁን እንዲህ አድርግ፦ ፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ላይ አስነሳት፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለህ አዙር፣ ድምፁ ቅንጣት መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ የገመዱን ዳዶ (ማጥበቂያ ፍሬ) ላላ አድርገህ ማስተካከያውን ወደ ውስጥ አስገባው፣ የነዳጅ መስጫው ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ባዶውን መዞር አለበት። በዛም ካልሆነ መፍትሄው ገመድ መቀየር ነው። ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ቀንሶ ድምፁን መደበቅ ግን መፍትሄ አይደለም፣ ገመዱ እንደተወጠረ ነው።

ጥያቄ፦ ራይዘሩን ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ባሰራው ይሆናል?

ጥሩ ባለሙያ ከሆነ ይሆናል፣ ድፍን አሉሚኒየም ወይ ብረት ይሁን። ሮንዴላ (የቡሎን ቀለበት) መደራረብ ወይ የቧንቧ ቁራጭ መበየድ ግን በፍጹም። ዋናው ቡሎኑ ነው፣ ራይዘሩ 3 ሴንቲ ከሆነ ቡሎኑም በዛው ልክ መርዘም አለበት፣ 8 ሚሊ ቡሎን ቢያንስ 12 ሚሊ ጥርሱ ውስጥ መግባት አለበት፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ያለበትን ግዛ። ስታጠብቅ የላይኛው ማቀፊያ ላይ ነጥብ ምልክት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው የሚዞረው፣ የፊቶቹ ቡሎኖች ቀድመው ይጠብቃሉ፣ ክፍተቱ ከኋላ ይቀራል። ምልክት ከሌለው ክፍተቱን የፊትና የኋላ እኩል አድርግ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካገኘህ ለ8 ሚሊ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ነድተህ እንደገና ፈትሸው።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮኑ ከበደኝ፣ ከተማ ውስጥ ግራ እጄ ያልቃል።

ገመዱ ደርቆ ይሆናል። ከላይ ፍታውና የፌስታል ጥግ ቆርጠህ የሽፋኑን አፍ ላይ በላስቲክ አጥብቀህ እሰረው፣ እንደ ማጥለያ ማለት ነው፣ ቀጭን ዘይት ጨምርበትና ገመዱን አቁመህ ስቀለው፣ በታች መንጠባጠብ እስኪጀምር ማታውን እዛው ይደር። ጠዋት እጅህ ይነግርሃል። የውስጡ ሽቦ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካየህ ግን ዘይት አታባክን፣ ቀይረው። መልሰህ ስትገጥም እጀታው ስር ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ላላ ይበል፣ እንዲቀልህ ብለህ ወጥረህ ብትተወው የፍሪሲዮኑ ሸራ ይበላል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ የሚልህ ያኔ ነው። ትልቁን ማስተካከያ ታች ኢንጂኑ ጋ አድርግ፣ የላዩን ለጥቃቅኑ መሃል ላይ ተወው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ዴሊቨሪ ነው የምሰራው፣ የፊት ፍሬኔ ዲስክ ነው። ገመድ የለውም ብዬ ዝም ብዬ ላንሳው?

ገመድ ባይኖረውም የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍበት ጎማ (ቱቦ) አለ፣ እሱም ይወጠራል። መሪው ጥግ ደርሶ፣ የፊት አሞርዛተሩም ሙሉ ተዘርግቶ ጎማው ላላ ማለት አለበት። ካልደረሰ ረጅም ጎማ ይገባል፣ ያ ማለት ደግሞ ፍሬን ዘይት መጨመርና አየሩን ማስወጣት ነው፣ የዘይቱን ዓይነት ክዳኑ ላይ ታገኘዋለህ። ይሄን ፓርኪንግ ላይ ቆመህ አትሞክረው፣ ለሚያውቅ ስጥ፣ ፍሬን ነው።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ነኝ፣ ቁመቴ 1.58 ነው፣ ትከሻዬን ያመኛል። እኔም ላንሳው?

እህቴ ላንቺ ማንሳቱ ሊያባብስብሽ ይችላል። መሪው የራቀሽ እንጂ ዝቅ ያለብሽ አይመስለኝም፣ ስትነጂ ክርንሽ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ መሪው ወደ አንቺ መምጣት ነው ያለበት፣ ወደ ላይ ከሄደ ግን ትከሻሽን ሰቅለሽ ትውያለሽ። መጀመሪያ መሪውን ወደ ራስሽ አዙሪና አንድ ሳምንት ንጂው፣ ክርንሽ ትንሽ እስኪታጠፍ ድረስ፣ ስታዞሪ ደግሞ ጉልበትሽንም ታንከሩንም እንዳይነካ እይ። ያ ካልበቃ ወደ ኋላ የሚስብ ራይዘር አለ፣ እሱን እንፈልጋለን። ስትጨርሺ ትከሻሽ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ።