ስሟ ሲጠራ አንቺ አትነሺ

ሰላም እህቴ። ከሐረር የጻፍሽውን ጥያቄ ትናንት ማታ አየሁት። ልጅሽ 14 ዓመቷ ነው። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ከተገኘባት 3 ዓመት ሆኗታል። የህፃናት ሐኪሟ «ከሚቀጥለው ቀጠሮ ጀምሮ ወደ አዋቂ ክፍል ትሄዳላችሁ» ብሏችኋል። አንቺም «ከየት ልጀምር? አብሬያት ልግባ ወይስ ብቻዋን ትግባ?» ብለሻል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የድሬዳዋ እናት ነኝ። ልጄ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ አለበት፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት። አሁን 20 ዓመቱ ነው። ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። ድሮ ቢሆን ሳልጠይቀው ነበር የምጽፈው።

በ11 ዓመቱ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አሜባ ተባለ። ከዚያ ታይፎይድ። ከዚያ እንደገና አሜባ። አዲስ አበባ ተልከን ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ) ተሠርቶ፣ ናሙና ተወስዶ የበሽታው ስም እስኪታወቅ አንድ ዓመት ሄደ። ከዚያ በኋላ በሽታውን የያዝኩት እኔ ነኝ ማለት ይቀላል። በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደወጣ የምቆጥረው እኔ። ኪኒኑን የምሰጠው እኔ። ሐኪሙ ሲጠይቅ የምመልሰው እኔ። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ እግሩን ያወዛውዛል። ህፃናት ክፍል ደግሞ የሚያናግሩት እናትን ነው፤ ሲስተሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ በልጄ ስም «የእገሌ እናት መጣች» ይሉ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቅሽ።

ውጭ አገር ልጆቹን የሚያዛውሩት 18 ዓመት አካባቢ ነው፣ ዝግጅቱን ግን ከ12 እስከ 14 ባለው ይጀምሩታል። እኛ ጋ ህፃናት ክፍል በአብዛኛው 14፣ 15 ላይ ያበቃል። እነሱ ዝግጅት በሚጀምሩበት ዕድሜ እኛ አስረክበን ጨርሰናል።

የልጄ ተራ የደረሰው 15 ሲሞላው ነው። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ አየት አደረገውና «ይሄማ ህፃን ነው፣ ወዲያ ውሰጂው» አለኝ። በሽታው ራሱም፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ መድኃኒትም እድገት ያዘገያሉ፤ ልጄ በ15 ዓመቱ የ11 ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። ህፃናት ክፍል ስንመለስ «ዕድሜው አልፏል» ተባልን። አቦ፣ በዚያ የድሬ ፀሐይ ግቢውን ሁለት ጊዜ አቋረጥነው! የልደት ካርዷን ይዘሽ ሂጂ።

በመጨረሻ ስሙ ተጠራ። ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ቀና ብሎ «ታማሚው ማነው?» አለ። በቁጣ አልነበረም። ልጄን «በቀን ስንት ጊዜ ትወጣለህ?» አለው። ልጄ እኔን አየኝ። «የምትወስደው መድኃኒት ምንድነው?» አሁንም እኔን አየኝ። ቆይቶ ቆይቶ «ያ ቢጫው» አለ። ሰልፋሳላዚን ማለቱ ነው። 3 ዓመት የዋጠውን ኪኒን ስሙን አያውቀውም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባሽ።

ፋይሉ ህፃናት ክፍል ቀርቶ ነበር፤ ስለዚህ ዶክተሩ ከዜሮ ጀመረ። ሰገራ ታየ፣ አሜባ ተባለ። ሦስተኛ ዙር። የሰልፋሳላዚኑ ማዘዣ ሳይታደስ ሩቅ ቀጠሮ ተሰጠን። እኔ አዲሱ ሐኪም ያዝለታል ብዬ፣ አዲሱ ሐኪም ከድሮው ቦታ ይወስዳል ብሎ፣ ኪኒኑ መሀል ላይ አለቀ። ልጄን ስጠይቀው «ደህና ነኝ» ይላል። አንድ ሌሊት የውሃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ተነሥቼ ሳይ በባልዲ ውሃ እያፈሰሰ ደሙን ያጥባል። ለካ ወሩን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሣ ሲደብቀኝ ነበር። በነጋታው ሆስፒታል ተኛ፣ ደምም ተሰጠው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምልሽ ይህንን ነው። የህፃናት ሐኪሟን ሳትሰናበቺ አንድ ገጽ አስጽፊ። በሽታው መቼ እንደተገኘ፣ የኮሎኖስኮፒና የባዮፕሲው (የናሙናው) ውጤት፣ አሁን የምትወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ ተሞክሮ ያልሠራው፣ የማይስማማት ካለ፣ የመጨረሻው የደም ምርመራ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራዋ ውጤት እንዳይቀር። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ወረቀቱ ከሌለ አዲሱ ሐኪም ያንን ጥያቄ ከሥሩ ማንሣቱ አይቀርም፣ ልክም ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታል የምትሄጂ ከሆነ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። በየትኛውም ማስተማሪያ ሆስፒታል ደግሞ ዛሬ ያየቻት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም) በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ክፍል ልትሆን ትችላለች። አሠራሩ ነው። ወረቀቱ ግን ከልጅሽ ጋር ይቆያል። ሁለተኛ፣ ከአዋቂ ክፍል የመጀመሪያ ቀጠሮዋ በኋላም ቢያንስ የአንድ ወር ኪኒን እጇ ላይ ይኑር። አዛታዮፕሪን የሚባለውን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደሟንና ጉበቷን በየጊዜው ማሳየት ስላለባት፣ ምርመራውን ከአሁን በኋላ ማን እንደሚያዝ ጠይቂ። በሽታው ተነሥቶባት እያለ ግን አታዛውሪያት። ጋብ እስኪል ጥቂት ወር ታገሡን ብለሽ ለምኚ፤ የሚሰማ ሐኪም አይጠፋም።

አሁን አብሬያት ልግባ ወይ ላልሽው። ግቢ፣ ከዚያ ውጪ። መጀመሪያ አብራችሁ ትገባላችሁ፣ እሷ ትናገራለች፣ የረሳችው ካለ አንቺ ትጨምሪያለሽ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ትጠብቂያለሽ። እኔ እንድወጣ በተነገረኝ ቀን ተቀይሜ ነበር፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ ብዬ። ልጄ ለዶክተሩ ምን እንደነገረው የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ይቀመጥ ነበር። የሚቅመው «ሲቅም ሆዴ ይደርቅልኛል» ብሎ ነው! ጫት ሆድ ማድረቁ እውነት ነው፣ እሱ ማድረቁን ማዳን መስሎታል። ምግብ ዘግቶበት፣ እንቅልፍ ነስቶት ክብደቱ የወረደበትን ምክንያት እኔ ለስንት ወር በሽታው ነው ስል ነበር። እኔ ፊት በጭራሽ አይናገረውም። ዶክተሩ ሳይቆጣው ስላስረዳው ነው የተወው። መተዉን እንኳ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፣ ሆጃ ላፈላለት ስነሣ እየሳቀ።

ሌላም የነገረው ነገር ነበር። መገጣጠሚያውን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ እየገዛ ይወስድ ነበር። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች ይህን በሽታ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ልጅሽ ይህን በራሷ አፍ ለፋርማሲስቱ መናገር መቻል አለባት፤ ሁልጊዜ አንቺ አብረሻት አትሆኚም።

ሴት ልጅ ስለሆነች የወር አበባዋንም ይጠይቋታል። በዚህ በሽታ ሊዘገይ ይችላል፤ ሲመጣ ደግሞ ከአንጀት ከሚደማው ጋር ተደምሮ የደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። እናት ፊት ለመናገር የምታፍር ከሆነ ሴት ሐኪም ብትጠይቁ ነውር የለውም። ፕሬድኒሶሎን ከጀመረች ፊቷ ሊያብጥ ይችላል፣ ክፍል ውስጥም ይሳቅባት ይሆናል፣ አንድ ቀን በራሷ ልትተወው ትችላለች። ይህን ቀድመሽ ንገሪያት፦ ድንገት አይቆምም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስለሚያቆም፣ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ጾሙንም፣ ረመዳን ይሁን ሁዳዴ፣ ከሐኪሟ ጋር ራሷ ትነጋገርበት። እኛ በየዓመቱ ቁልቢ ገብርኤል እንሄዳለን፣ ጸበሉንም ይጠጣል፣ ኪኒኑንም ይውጣል። «መድኃኒቱን ጥለህ ና» ያለችን ጎረቤት ነበረች። ዝም ብዬ አለፍኳት።

የቤት ሥራውን በትንሽ በትንሹ ነው የሰጠሁት። መጀመሪያ የመድኃኒቶቹን ስም ደብተር ላይ ጻፈ። ቀጥሎ ኪኒኑን በየሳምንቱ ራሱ እየቆጠረ አምስት ቀን ሲቀረው እንዲነግረኝ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ረሳ። በሦስተኛው ራሱ ወደ ከዚራ ሰፈር ወርዶ ገዝቶ መጣ፣ መልሱንም አልሰጠኝም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ይህን ሁሉ የፈተነበት ቀን ነው። ያኔ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ይሰጥ ስለነበር ልጁ እዚያው ያድራል፣ እናት የለችም፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። እኔ ወረቀቶቹን በሙሉ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ አስቀምጬለት ኮርቻለሁ። ስልክ ይዞ መግባት እንደማይቻል የተናገረው እሱ ነው! የሐኪም ደብዳቤውን አሳትሞ፣ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዞ ሄደ። ፈታኙን ገና ፈተናው ሳይጀመር «መውጣት ሊያስፈልገኝ ይችላል» ብሎ ደብዳቤውን አሳየው። በሩ አጠገብ አስቀመጡት። እንደነገረኝ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣው።

ዘንድሮ ደግሞ ሕመሙ ከጀመረው 8 ዓመት አልፎታል። ትልቁ አንጀት ለረጅም ጊዜ ሲቆስል የካንሰር ስጋት ስለሚጨምር ከ8 ዓመት ወዲህ በየተወሰነ ጊዜ ኮሎኖስኮፒ ያስፈልጋል። የህፃናት ሐኪሙ ይህን ያኔ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ረስቼዋለሁ። ልጄ አልረሳም። አዲስ አበባ ቀጠሮ ይዞ፣ ቲኬት ቆርጦ ነው የነገረኝ። በባቡር ነው የሚሄደው። ለምን በአውቶቡስ አልሄድክም ስለው «ማሚ፣ ባቡሩ ሽንት ቤት አለው» አለኝ። ልከተልህ ወይ አልኩት። ሳቀብኝ።

ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጦ ያነባል። አንድ ነገር ጨምሪላት አለኝ፦ ልጅቷ አዲስ ክሊኒክ በሄደች ቁጥር፣ ገና ካርድ ሳታወጣ፣ የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ትጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ኪስ ውስጥ ነው፣ እሷ ደግሞ ሻይ ልትጠጣ ወጥታለች።