ሞተሩ ሲጠፋ እጅሽ ወደ ሬዲዮ አይሂድ

ጥያቄ፦ ሰላም ካፒቴን። ቨርጂኒያ ውስጥ በሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ማብረር እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ ነዳጅ መስጫውን ድንገት እስከ መጨረሻው ይመልስና «ሞተር ጠፋ!» ይለኛል። ክው እላለሁ። ቶሎ የሚመጣልኝ ሬዲዮ አንስቼ «ሜይዴይ» ብዬ የአደጋ ጥሪ ማሰማት ነው፣ እሱ ደግሞ ይቆጣኛል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሞተሩ የጠፋው ገና እንደተነሳሁ ከሆነስ፣ ለምን ወደ ማኮብኮቢያው አልመለስም?
ሰ. ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ አስተማሪሽ ልክ ነው። ሬዲዮው ላይ ያለው ሰው ሞተርሽን አያስነሳልሽም። አንቺን የሚያድንሽ ፍጥነት ነው፣ እሱ ደግሞ አፍንጫውን ቀና አድርገሽ በቆየሽበት በእያንዳንዷ ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጊና የመንሸራተቻ ፍጥነትሽን ያዢ። በ172ኤስ ሞዴል 68 ኖት (በሰዓት 68 የባሕር ማይል) ነው፣ በቆዩት ሞዴሎች 65 ገደማ። የምትበሪበትን አውሮፕላን መመሪያ አይተሽ በቃልሽ ያዢው። ሞተር የሌለው ሴስና እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ነፋስ ከሌለ በየ1,000 ጫማው 1.5 የባሕር ማይል ያህል ይንሸራተታል። ከመሬቱ 3,000 ጫማ ከፍታ ላይ ካለሽ አራት ደቂቃ ገደማ አለሽ፣ አራት ደቂቃ ደግሞ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ሜዳ ምረጪ። ከመረጥሽ በኋላ አትቀያይሪ። ከዚያ ምክንያቱን ፈልጊ፦ የነዳጅ ታንክ መምረጫው «ሁለቱም» ላይ ነው? የነዳጅ ፓምፑ በርቷል? ሚክስቸሩስ (የነዳጅና የአየር መጠን ማስተካከያው)? የማቀጣጠያ ቁልፉስ? አውሮፕላንሽ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚያደባልቅ ክፍል) ያለው ከሆነ ማሞቂያውን ሳቢ። ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ የሚሠራው በብርድ ወቅት ብቻ አይደለም፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው እርጥብ ቀንም ይሠራል፤ ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ አያምንም። ሬዲዮው የሚመጣው አሁን ነው። ከተቆጣጣሪ ጋር እያወራሽ ከነበረ በዚያው መስመር፣ ካልሆነ በአደጋ ጊዜው መስመር በ121.5 ጥሪ፤ ለራዳር ኮድ የሚልከውን ትራንስፖንደር በአደጋ ኮዱ 7700 ላይ አድርጊው። ልታርፊ ስትይ ነዳጁን ዝጊ፣ ፍላፑን (ቀስ ብለሽ እንድታርፊ የሚረዳውን የክንፍ ክፍል) ካወረድሽ በኋላ ኤሌክትሪኩን አጥፊ፣ በሩንም ገርበብ አድርጊው፣ አካሉ ቢጣመም ተቆልፎብሽ እንዳይቀር።

ገና እንደተነሳሽ ከጠፋ ግን ወደ ማኮብኮቢያው መመለሱን እርሺው። የምትዞሪው 180 ዲግሪ ብቻ አይደለም። ስትዞሪ ከመስመሩ ወደ ጎን ስለምትወጪ ከ200 ዲግሪ በላይ ትዞሪና እንደገና መልሰሽ ታስተካክያለሽ፣ ይህን ሁሉ ከፍታ ሳይኖርሽ። መሬቱ ሲቀርብ አጥብቀሽ ማጠፍ ያምርሻል። ክንፉን 45 ዲግሪ አጋድለሽ ከፍታሽን ልጠብቅ ካልሽ ስቶል የምትገቢበት (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው) ፍጥነት 19 በመቶ ይጨምራል፣ 60 ዲግሪ ካደረስሽው 41 በመቶ። እዚያ ከፍታ ላይ ስቶል ከገባሽ መውጫ ጊዜ የለም። ፊት ለፊትሽ ባለው ቦታ፣ ግራ ቀኝ ትንሽ ብቻ ዘወር ብለሽ አርፊ። አውሮፕላኑ ይሰበር! እሱን ኢንሹራንስ ይጨርሰው፣ እኔ የምፈልገው አንቺ በእግርሽ እንድትወጪ ነው።

ጥያቄ፦ ካፒቴን፣ ለአሜሪካ ተማሪዎች የሚሉት ሁሉ አዲስ አበባ ላይም ይሠራል?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ያው ነው ወንድሜ፣ ግን ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። ሚክስቸሩን እስከ ጥግ ከገፋኸው ደግሞ ነዳጅ በዝቶበት ያስለዋል፣ ስለዚህ ቼክሊስቱ «ሪች» (ነዳጅ የበዛበት) ስላለ ብቻ ገፍተህ አትተወው፤ ሞተሩን እየሰማህ መልሰው። ሌላው ዓይንህን የሚያታልል ነገር ነው። ሞቅ ባለ ከሰዓት በኋላ የፍጥነት ጌጁ 65 ኖት እያሳየህ፣ ነፋስ ከሌለ፣ መሬቱ ላይ የምትሄደው ወደ 75 ኖት ነው። «ኧረ በጣም ፈጠንኩ» ትልና አፍንጫውን መሳብ ያምርሃል። አትሳብ! ጌጁን እመን፣ ሜዳውን ግን ረዘም ያለ ምረጥ።

ጥያቄ፦ በሩ አየር ላይ ቢከፈትስ?

መልስ፦ ሴስና 172 ከሆነ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ይይዘዋል፣ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ገርበብ ብሎ ይቆያል። ጫጫታው ያስደነግጣል እንጂ አውሮፕላኑ ይበራል። አደጋው የሚመጣው አብራሪው ከበሩ ጋር ሲታገል መሪውን ሲረሳ ነው። ቀበቶህ መታሰሩን እይ፣ ዞረህ እንደ ወትሮው አርፍ፣ በሩን መሬት ላይ ዝጋው።