የሳይክል ውድድር በአካል ለማየት ሐረጎን አስብ

ጥያቄውን ላላያችሁ፦ የደሴው ልጅ በየካቲት አባቱን ይዞ ቱር ዱ ሩዋንዳ የሚባለውን የሳይክል ውድድር ለማየት ኪጋሊ ሊሄድ ነው። አባቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲሠሩ በሳይክል ይመላለሱ የነበሩ ሰው ናቸው። «የት እንቁም? ምን እንያዝ? ደግሞስ ተወዳዳሪዎቹ ሽው ብለው የሚያልፉ ከሆነ ቤት ቁጭ ብሎ በዲሽ ማየት አይሻልም ወይ?» ነው ያለው።

አብሽር ወንድሜ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የሳይክል የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ የመጣ ጊዜ፣ በእኛ መስከረም 2018 ላይ፣ ኪጋሊ ሄጄ አይቻለሁ። ሁለት ቀን ነው ያየሁት። አንዱን አበላሽቼዋለሁ፣ ሌላውን እስካሁን እያወራሁት ነው።

ያበላሸሁት የመስቀልን ዕለት ነው። የሴቶቹ ዋና ውድድር ነበር። «መጨረሻው ጋ ካልቆምኩ አሸናፊዋን በምን አያለሁ?» ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ኮንቬንሽን ሴንተሩ አጠገብ፣ ማጠናቀቂያው መስመር ጋ ተተከልኩ። ለካ ሁሉም እንደኔ አስቧል። ከፊቴ ሰው፣ ከሰው ፊት ሰው፣ ከዚያ የብረት አጥር። ለሰዓታት ያየሁት የሰው ማጅራት ነው። ካናዳዊቷ ማግደሌን ቫሊዬር ስታሸንፍ በመሃላችን 30 ሜትር ቢኖር ነው። ያየኋት ግን በትልቁ ስክሪን ነው። ለስክሪንማ ምን አውሮፕላን አሳፈረኝ?

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስናደድ የሐረጎ ዳገት ትዝ አለኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ሐረጎን ሲወጣ አይተኸዋል መቼም። ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ሊቀድመው ምንም አይቀረው። የሹፌሩን ፊት ታያለህ፣ የጫነውን ትቆጥራለህ። ያው መኪና ቁልቁል ሲመጣ ግን ታርጋውን እንኳ አታነብም። ሳይክልም እንደዚሁ ነው። ሜዳ ላይ ከቆምክ 10 ሰከንድ ነው፣ አለቀ። ዳገት ላይ ከቆምክ ግን እያንዳንዱን ሰው ታየዋለህ።

በማግስቱ እሑድ፣ ለወንዶቹ ውድድር፣ ኪሚሁሩራ የሚባለው ዳገት ላይ ወጣሁ። 1.3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ነው። ተዳፋቱ የሚብስበትን ቦታ መረጥኩና ቁጭ አልኩ። የዕለቱ ርቀት 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር። አብዛኛው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ዙር ላይ ስለሆነ በየ 20 ምናምን ደቂቃው ተመልሰው ይመጡልሃል። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፃቸውን ነው። ሰንሰለቱ ድንጋዩ ላይ ሲንቀጫቀጭ፣ ማርሽ ሲቀየር ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ከዚያ ትንፋሽ። የመቶ ሰው ትንፋሽ አንድ ላይ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር።

እዚያ ቆመህ የምታየው ነገር ደግሞ በቲቪ አይታይም። በየዙሩ ሰው ይጎድላል። ባለፈው ዙር ፊት ላይ የነበረው ልጅ አሁን ጨው የወረረው ማልያ ለብሶ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ጭራሽ የለም። 165 ያህል ሆነው ተነስተው የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። ስሎቬኒያዊው ፖጋቻር የመጨረሻዎቹን 66 ኪሎ ሜትሮች ብቻውን ነድቶ ነው ያሸነፈው። ከፊት ለፊቴ የመብራት ምሰሶ ነበር። እሱ ምሰሶዋን ሲያልፍ መቁጠር እጀምራለሁ፣ ቀጣዩ ሲያልፍ አቆማለሁ። አጠገቤ የነበሩ ኤርትራውያን ባንዲራቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ነበር። ትንሽ ቆይቶ እነሱም አብረውኝ መቁጠር ጀመሩ። በትግርኛ፣ በአማርኛ፣ ጮክ እያልን። የቢኒያም ግርማይ አገር ሰዎች ናቸው፣ ሳይክል ከእናት ጡት ጋር ነው የጠጡት። በፈረንጆቹ 2024 ቱር ደ ፍራንስ፣ በፈረንሳዩ ትልቅ ውድድር፣ የሦስት ቀን ውድድር አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማልያ የወሰደ ልጅ ያላቸው ሰዎች እንዴት አይጨፍሩ። እኔም ፅጋቡ ግርማይን አነሳሁባቸው። በፈረንጆቹ 2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እነሱም ያውቁታል።

አሁን ወደ «በዲሽ አይሻልም ወይ» ልምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ታሪኩን ለመከተል ዲሽ ይሻላል። ዳገት ላይ የቆመ ሰው ያቺ ዳገት ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቤልጂየማዊው ሬምኮ ኤቨኔፖል ብስክሌት እየቀያየረ፣ እየተናደደ፣ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። እኔ ይህንን ያወቅኩት ኮምቦልቻ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ከሚያየው ወንድሜ ነው። «ሬምኮ ቆመ»፣ «ሬምኮ ብስክሌት ቀየረ»፣ «አንተ የት ነህ ግን?» እያለ በቴሌግራም ይልክልኛል። ኪጋሊ ያለሁት እኔ፣ ዜና የሚነግረኝ ኮምቦልቻ ያለው እሱ! አትሳቅ፣ አንተም እንደዚህ አድርግ። እዚያ ሲም ካርድ ግዛ፣ ደሴ ላይ አንድ ሰው ቲቪ ፊት አስቀምጥ።

የአንተ ውድድር ግን ከእኔው ይለያል፣ ይህንን ልብ በል። ቱር ዱ ሩዋንዳ አብዛኛውን ቀን ከከተማ ከተማ ይሄዳል፣ ሙሳንዜ፣ ሩባቩ፣ ሁዬ እያለ። በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ከቆምክ አንድ ጊዜ ያልፉሃል፣ ያው ነው። ስለዚህ የዓመቱ ካርታ ሲወጣ ኪጋሊ ውስጥ ዙር የሚዞሩበት ቀን መኖሩን እይ። ካለ ያንን ቀን አትልቀቅ። ኒያሚራምቦ ሰፈር ውስጥ የኪጋሊ ግድግዳ የሚሉት አጭር ዳገት አለ፣ ቀጥ ማለቱ ስምህን ያስረሳል። በእሱ የሚያልፉ ከሆነ በጠዋት ሂድ፣ የሰፈሩ ሰው ቀድሞ ይሞላዋል። ለመንገድ ዳር ገንዘብ አይከፈልም።

ለአባትህ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መነሻው ነው። ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ቡድኖቹ መኪናቸውን አቁመው ብስክሌቶቹን ደርድረው ታገኛለህ። መካኒኩ ጎማ ሲነፋ፣ ሰንሰለት ሲጠርግ ክንድህ ያህል ነው የሚርቅህ። ተወዳዳሪዎቹም ለመፈረም በሰው መሀል ያልፋሉ፣ ሰላም ይሉሃል። አባትህ ያንን የብረት ሳይክል ፋብሪካ ድረስ የገፉ ሰው ናቸው። የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ማነስ እንደሌለበት ንገራቸው፣ አያምኑህም። እኔ አባቴን ይዤ ብሄድ ኖሮ ጠዋት መነሻው ጋ፣ ከሰዓት አንድ ዳገት ጥላ ያለበት ቦታ፣ በቃ። መሯሯጥ የለም። መነሻም፣ መሀልም፣ መጨረሻም አየሁ የሚል ሰው ሦስቱንም አላየም።

ስለ አደጋ አንድ ነገር። መጀመሪያ የፖሊስ ሞተሮች ይመጣሉ፣ ከዚያ መኪኖች፣ ከዚያ ቀድመው ያመለጡት፣ ከዚያ ዋናው ስብስብ። ሰው እዚህ ጋ «አለፉ» ብሎ አስፋልት ይገባል። አላለፉም! ጣሪያቸው ላይ ብስክሌት የጫኑ የቡድን መኪኖች በፍጥነት ይከተላሉ፣ መሀላቸው ደግሞ ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች አሉ። የመጨረሻዋ መኪና እስክታልፍ ከቦታህ አትነቃነቅ። ሰልፊ የሚባል ነገርም ይቅርብህ። በፈረንጆቹ 2021 ቱር ደ ፍራንስ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ አንዲት ተመልካች ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ለካሜራ ስታሳይ ጀርባዋን ለተወዳዳሪዎቹ ሰጥታ ነበር። አንዱ ተወዳዳሪ ካርቶኑን መታው፣ ከኋላው ያለው ብዙ ሰው ተጋደመ።

ሰዓቱ እንዳያሳስትህ። ኪጋሊ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ፕሮግራሙ ላይ 10:00 ካለ በእነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው፣ ደሴ ላይ ያስቀመጥከው ሰው ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ቲቪውን ይክፈት። ቪዛ ለአፍሪካ ሕብረት አገራት ዜጎች ያለ ክፍያ እዚያው ስትደርስ ይመታልሃል። ቢጫ ካርድ፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን ማስረጃ ማለቴ ነው፣ ያዙ። የከተማው ከፍታ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ በደሴ ብርድ ላደገ ሰው ይሞቃል። ኮፍያና ውሃ አትርሳ፣ ግን ዝናብ አምጥቶ ይደፋብሃል፣ ስለዚህ ጃኬትም ያዝ።

ፌስታል ግን እንዳትይዝ። ሩዋንዳ ፌስታል ክልክል ነው። እናቴ በሶ በፌስታል ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ከታ ነበር፣ እኔም ረሳሁት። ፍተሻው ላይ የነበረችው ልጅ ፌስታሉን ይዛ ቆማ እኔን ታያለች፣ እኔ በሶውን አያለሁ። በመጨረሻ በኮፍያዬ ተቀበልኳት። የእናትህን ስንቅ በጨርቅ ወይም በዕቃ አድርገህ ያዝ። በሶ ራሱ ለዳገት ምርጥ ነው፣ ኤርትራውያኑን አቅምሼያቸው ጨረሱብኝ።

የቀረው የአባትህ መቀመጫ ነው። አምስት ስድስት ሰዓት በእግር አይቆምም። ያቺ እሑድ የተቀመጥኩባት ታጣፊ ኩርሲ ቤቴ አለች፣ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ደውልልኝ፣ ውሰዳት። አንድ እግሯ ትንሽ ላላ ብሏል፣ ለአባትህ ከመስጠትህ በፊት አጥብቀው።