የአባትህን ቮልስ ከመግዛትህ በፊት ምንጣፏን አንሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የእኔኑ ታሪክ የጻፍክ መሰለኝ። አባትህ ከ20 ዓመት በፊት የሸጧትን ቮልስ ቢሾፍቱ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ አገኘህ። ባለቤቱም ሊሸጥልህ ፈቃደኛ ነው። «ልግዛትና ላሳድሳት ወይስ ስሜት ነው ብዬ ልተዋት?» ነው ያልከው። እኔ ገዝቻለሁ። የ1964 ዓ.ም. «1300» የሚባለው ሞዴል ናት፣ አባቴ ትምህርት ቤት ያደርሰን የነበረባት።

መጀመሪያ ስህተቴን ልንገርህ። ለሻጩ «የአባቴ ነበረች» አልኩት። ሰውየው ቡና አስፈላልኝ፣ አባቴን እያነሳን ስናወራ ዋልን። በሳምንቱ ስደውል ዋጋዋ በሲሶ ጨምሮ ጠበቀኝ። አልፈረድኩበትም፣ ዓይኔን አይቶ ነው። አንተ እስካሁን ካልነገርከው ዝም በል። ድርድሩንም ለጓደኛህ ተውለት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ሞተሯ ይነሳል?» እያለ ነው። የቮልስ ሞተር የመጨረሻው ጭንቀትህ ይሁን። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፣ የለመዱ ሁለት ሰዎች ቶሎ ያወርዱታል። ይቺ መኪና ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስትመረት ቆይታለች። በድምሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ዕቃ አይጠፋም። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያጣኸውን ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣው ይዞልህ ይመጣል። ብቻ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከኋላ የታችኛውን ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ ያዝና ወደ ራስህ ሳበው፣ መልሰህ ግፋው። ቀጭ ቀጭ ካለ ውስጡ ተበልቷል። ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

የሚያከስርህ ላሜራው ነው። የኋላውን ወንበር አንሳ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስር በቀኝ በኩል ነው። የባትሪ አሲድና ከውጭ የሚገባ ውሃ ተጋግዘው ወለሉን ይጨርሱታል። የእኔዋን ምንጣፍ ሳነሳ አዲስ ጥቁር ቀለም አየሁና ደስ አለኝ። በኋላ በያጁ በካቻቢቴ ጫን ቢያደርገው እስከ እጀታው ጠለቀ። ቀለሙ ስር ስቱኮ፣ ስቱኮው ስር ደግሞ ጨርቅ ነበር። ጨርቅ! በቀዳዳው የግቢውን ሣር አየነው።

ከበሮቿ ግርጌ በሁለቱም ጎን የማሞቂያው አየር የሚያልፍበት ረጅም ባዶ ሳጥን አለ። አካሏን አጠንክሮ የሚይዘው እሱ ነው። በሩ ከፍ ካላደረግከው የማይገጥም ከሆነ እሱን ጠርጥር። ትንሽ ማግኔትም ኪስህ ክተት። ስቱኮ በወፈረበት ቦታ አይጣበቅም።

ከዚያ ሊብሬው፣ የባለቤትነት ደብተሩ። የሻንሲ ቁጥሩ የኋላ ወንበር ስር፣ መሀል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። በጨርቅ ጥረገውና ቁጥር በቁጥር አመሳክር። የእኔዋ ሊብሬ ላይ አሁንም የአባቴ ስም ነበር። ለካ ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ የኖረችው በውክልና ብቻ ነው። ያን የደበዘዘ ስም ሳየው እንባዬ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን ራስ ምታቱ ተከተለ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው ይቀራላ! አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እሱ የሸጣትን መኪና እኔ ለመግዛት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ግድ ሆነ። እናቴና አራቱ እህት ወንድሞቼ ሁሉ ቀርበው ፈረሙ። ታላቅ እህቴ «የፊቱ ወንበር የእኔ ነው» ብላ ነው የፈረመችው። እስካሁንም ቃሏን አላጠፈችም።

ጥገናው አራት ወር ተባለ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ለላሜራ ብቻ እሷን የገዛሁበትን ያህል አወጣሁ። ገንዘብ በአንዴ አትስጥ፣ ሥራው ባለቀ ልክ ክፈል። በየሳምንቱም ብቅ በል። ባለቤቱ የማይመጣ መኪና ጥግ ተገፍቶ ዕቃ መደርደሪያ ይሆናል።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መሪው ነው። አባቴ ሲነዳ ቀኝ እጁን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚያሳርፈው። እዚያ ጋ ፕላስቲኩ ተበልቶ እንደ ጠጠር ለስልሶ ነበር። ጋራዡ ውስጥ «አርጅቷል» ብለው አዲስ ገጠሙልኝ፣ አሮጌውን ጣሉት። ቆሻሻው ድረስ ሄጄ ፈለግኩ፣ የለም። አዲሱ ያምራል፣ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ስለዚህ ጋራዥ ሳትገባ በፊት አባትህ በእጃቸው ይነኩት የነበረውን ሁሉ ፍታና ቤትህ አስቀምጥ። መሪውን፣ የካምቢዮ እጀታውን፣ የበር መክፈቻውን። መልሰህ የምታስገጥመው አንተ ራስህ ቆመህ ነው።

የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን ግን ለትዝታ ብለህ አታስቀር። ሞተሩ ጋ ያሉት ደርቀው ይሰነጠቃሉ፣ ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ካንጠባጠበ እሳት ነው። ሳታስነሳት ቀይራቸው።

እና ልግዛት ወይ? ወለሏ ለመበየድ የሚሆን ላሜራ ከተረፈውና ሊብሬዋ ካለ ግዛት። ሊብሬ ከሌላት ሰውየውን መሪውን ብቻ እንዲሸጥልህ ጠይቀው። አልቀለድኩም፣ እኔ ብሆን ያንን አደርግ ነበር።

ቅዳሜ ስትሄድ የወለሉን ፎቶ ለጥፍልን፣ ምንጣፉ ተነስቶ።