ሳታዩ አትፈርሙ

ልጆቼ፣ እዚህ ሜሪላንድ የጋዝ ሥራ ከጀመራችሁ ወዲህ ባገኛችሁኝ ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሼ፣ የጋዝ ኩባንያ ሲያጠፋ ስቴቱ ስንት ነው የሚቀጣው?»

እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ የተፈረመው የፌዴራል የቧንቧ ደህንነት ሕግ የቅጣቱን ጣሪያ ለአንድ ጥፋት በቀን 200 ሺህ ዶላር አድርጎት ነበር። ለተያያዙ ጥፋቶች ደግሞ 2 ሚሊዮን። ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። በስቴቱ ውስጥ ያለውን የጋዝ መስመር በአብዛኛው የሚቆጣጠረው ግን ስቴቱ ራሱ ነው፤ የየስቴቱም መጠን ይለያያል። እኔን የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ሳይሆን «በቀን» የምትለዋ ቃል ናት። እናንተ ረስታችሁት ቤታችሁ ስትተኙ እሷ ትቆጥራለች።

ሲልቨር ስፕሪንግን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። እንጀራ የምንገዛበት፣ ለቅሶ የምንደርስበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2016 ሌሊት ላይ እዚያ አንድ አፓርትመንት ፈንድቶ ሰባት ሰው ሞተ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጋዝ ሸተተን ብለው እሳት አደጋ ጠርተው ነበር።

የፌዴራሉ መርማሪ ቦርድ ያገኘው ነገር ትንሽ ነው። ቆጣሪዎቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ አሮጌ የሜርኩሪ ሬጉሌተር ነበር። ሬጉሌተር ከመንገድ የሚመጣውን ግፊት ለቤት ይቀንሳል። እሱ ሲበላሽ ትርፉ ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ ያቺ ቱቦ አልተገጠመችም ነበር። ስለዚህ ጋዙ እዚያው ክፍል ውስጥ ቀረ። የእጅ ባትሪ ይዞ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ነገር ነው።

የሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የጋዝ ኩባንያውን ዋሽንግተን ጋዝን 750 ሺህ ዶላር ቀጣ። ለሰባት ነፍስ ይቺ ብቻ? ብዬ ተናድጃለሁ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ምክንያቱን ግን ልብ በሉት። ኩባንያው እነዚያን ሬጉሌተሮች እቀይራለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ቃል ገብቶ ነበር። የተቀጣው ያንን ቃል ባለመፈጸሙ ነው።

ካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖም ነገሩ ከወረቀት አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈነዳውን ቧንቧ መዝገቡ «ብየዳ የለውም» ይለዋል። ተቆፍሮ ሲታይ ብየዳ አለው፤ ያውም የተበላሸ። ስምንት ሰው ሞተ። ስቴቱ የወሰነው ቅጣት 1.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ክረምት ገብቼ የማያቸው ቤቶች ዝርዝር ተሰጥቶኝ ቤዝመንት ለቤዝመንት ስዞር ዋልኩ። የመጨረሻው ተቆልፏል። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ የለም፤ በረዶው ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ «ታይቷል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ፈረምኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ጨጓራዬ ነው አልኳት። ሳይነጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ አስከፍቼ አየሁ። ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው። ግን ደህና መሆኑን ስፈርም አላውቅም ነበር። ለአለቃዬ ስነግረው ሳቀብኝ።

በሩ ከተቆለፈባችሁ «መግባት አልተቻለም» ብላችሁ ሰዓቱን ጻፉ። አለቃችሁ «ምልክቱን አድርገህ ና» ካላችሁ፣ ጨዋነታችሁን ሳትለቁ «እሺ፣ በቴክስት ላክልኝ» በሉት። ብዙዎቹ አይልኩም።